ዳርና ዳሩ የጠፋ ቁጥር

ዛሬ ነገር ሁሉ ጎዶሎ ሆኖ የሚታይበት ቀን ነው። እንዲህ ያለ ስሜት ሲመጣ ቀለሙ የለቀቀ ደረሰኝ እንኳ ሆድ ያባባል፤ መሃሉ ይነበባል፣ ዳርና ዳሩ የለም። ስለ መደብዘዝ ጥቂት ልጽፍ ነበር፤ ግን ሐሳቤ ወደዚያች የምወዳት ዓይነት የሒሳብ ጥያቄ ሄደና እዚያው ቀረ።

አንድ ዓይነት 88 ደብተሮች ተገዝተዋል። ደረሰኙ ላይ ጠቅላላ ዋጋው _43.7_ ይላል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አሃዝ ጠፍተዋል። የአንዱ ደብተር ዋጋ ስንት ነው?

መጀመሪያ ነጥቧ ትነሳ። ያለቀሪ መካፈል የሙሉ ቁጥር ጉዳይ ስለሆነ ሒሳቡ በሳንቲም ይሠራል፤ _437_ ሳንቲም። ቀጥሎ 88ን ለሁለት መክፈል ነው፤ 8 እና 11። 4 እና 22ም እኮ ሲባዙ 88 ይሆናሉ፤ ለምን እነሱን አንጠቀምም? 44ን እንይ። ለ4ም ለ22ም ያለቀሪ ይካፈላል፣ ለ88 ግን አይካፈልም። 4 እና 22 ሁለቱም 2ን በውስጣቸው ስለያዙ በሁለቱ መፈተን አንዱን ነገር ደግሞ መፈተን ነው። የምንመርጣቸው ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ሊኖራቸው አይገባም። በዚህ ቦታ የሚሳሳተው ተማሪ ብዙ ነው፤ አንዳንዴ መልሱ በአጋጣሚ ልክ ስለሚመጣለት ስህተቱ ሳይታይ ያልፋል።

ከሁለቱ የቱ ይቅደም? 8። በ11 ለመፈተን አሃዞቹ ሁሉ ስለሚያስፈልጉ ሁለት የማይታወቁ ነገሮች ይጋፈጡናል። 8 ግን የሚያየው የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ብቻ ነው፤ 1000 ራሱ የ8 ብዜት ስለሆነ (8 × 125) ከዚያ በላይ ያለው ምንም ቢሆን ለውጥ አያመጣም። ከ370 እስከ 379 ካሉት ውስጥ የ8 ብዜት 376 ብቻ ነው። የመጨረሻው አሃዝ 6 ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን መቸኮል አያስፈልግም፤ 37 በመሆኑ ነው አንድ ብቻ የተገኘው። 72_ ቢሆን ኖሮ 720ም 728ም ይሆናሉ።

አሁን 11። 10 ከ11 በ1 ያንሳል፤ 100 ከ99 በ1 ይበልጣል፤ 1000 ከ1001 በ1 ያንሳል፤ 99ም 1001ም የ11 ብዜቶች ናቸው። ስለዚህ ከቀኝ ተነስቶ አንዱን መደመር፣ ቀጣዩን መቀነስ፦ 6 − 7 + 3 − 4 + ሀ፤ ሀ የጠፋው የመጀመሪያው አሃዝ ነው። ይህ ሀ − 2 ነው፤ ዜሮ ወይም የ11 ብዜት መሆን አለበት። ሀ ከ1 እስከ 9 ስለሆነ ያለው አማራጭ 2 ብቻ ነው። 24376 ለ88 ሲካፈል 277፤ አንዱ ደብተር 2.77።

ማመሳከሪያም አለው። 8 በስንት ቢባዛ ነው በ6 የሚያልቀው? በ2 ወይም በ7። 277 በ7 ያልቃል።

የአንዱ ዋጋ ዳኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። 45 እርሳሶች _3.8_ ወጣባቸው እንበል፤ _38_ በሳንቲም መሆኑ ነው። ለ5 እንዲካፈል መጨረሻው 0 ወይም 5 ይሆናል። ለ9 ደግሞ የአሃዞቹ ድምር የ9 ብዜት መሆን አለበት። በ0 ካለቀ 7380፣ በ5 ካለቀ 2385። አንዱ እርሳስ 1.64 ወይም 0.53 ማለት ነው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የእርሳሱ ዋጋ ከ1 በላይ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚለያቸው። የመጀመሪያውን አግኝቶ የቆመ ተማሪ ግማሹን ነው የሠራው።

ግን ወደ ደብተሮቹ ልመለስ፤ ሳሰላስለው የቆየሁት ይህን ነውና። የጠፉት ሁለት አሃዞች 9 ጊዜ 10፣ በድምሩ 90 አማራጭ አላቸው። ከ90 ወደ 1 ያደረሰን ማንም ያልተናገረው ነገር ነው፦ ደብተሮቹ ሁሉ እኩል ዋጋ አላቸው፣ ዋጋውም ሙሉ ሳንቲም ነው። ሦስቱ በ1 ብር ሒሳብ ቢሸጡ የአንዱ ዋጋ ሙሉ ሳንቲም አይሆንም፤ ማጓጓዣ ቢጨመርበት ወይም ከጠቅላላው ቅናሽ ቢደረግ ድምሩ የ88 ብዜት የሚሆንበት ምክንያት የለም። ያን ጊዜ 143.76ም 943.70ም መልስ ናቸው።

ጥያቄው ላይ «የአንዱ ዋጋ ሙሉ ሳንቲም ነው» ተብሎ ይጻፍ? ከተጻፈ ከባዱ ሐሳብ ተሠርቶ ቀረበ። ካልተጻፈ ደግሞ ተማሪው ያልተሰጠውን ነገር እንደተሰጠው አድርጎ ይዞ ሙሉ ማርክ ያገኛል፣ «መልስ የለውም» ያለችው ግን ዜሮ ይደርሳታል። ትንሿ ልጅ ነገ ይህን ስትሠራ ቀና ብላ «ሙሉ መሆኑን በምን አወቅን?» ብትለኝ ምን እላታለሁ?