የቅሬው ድስት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። ሌላ ጊዜ በዚህ ቀን ሁለት መስመር ምርቃትና አንድ የአደይ አበባ ፎቶ ነበር የምልክላችሁ። ዘንድሮ ጳጉሜንን አገር ቤት ስላሳለፍሁ ትንሽ ይረዝማል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አገሬ ሐይቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን ባልሁ ቁጥር «የቱ ሐይቅ?» እባላለሁ። ሐይቅ ነዋ! ከደሴ ወደ ወልድያ ሲሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው፣ ከውኃው ስም ሌላ ስም ያልወጣላት ከተማ። ጎረቤቶቻችን እኮ በስማቸው ቅኝት አላቸው፤ ባቲ ቅኝት ነው፣ አምባሰልም ቅኝት ነው። ውጫሌም ብትሆን አንቀጽ 17ን የሚያህል ጣጣ በስሟ ተጽፎላታል። እኛ ያለን ውኃችን ነው።

ታዲያ የሰፈራችን ልጆች ብር አዋጥተው ከተማው መግቢያ ላይ ሰሌዳ ሊተክሉ ተነሥተዋል። «እንኳን ወደ … ሐይቅ በደህና መጡ» የሚል። ነጥብ ነጥቡ ላይ ምን ይግባ ነው ጭቅጭቁ። ጸሐፊው የሚያስከፍለው በፊደል ስለሆነ ደግሞ ማሳጠር ግድ ነው። ጳጉሜን 2 ከሰዓት አክስቴ ቤት ቡና ላይ መጡብን። አክስቴ ዱዓዋን እስክትጨርስ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። «አሚን» ካሉ በኋላ ግን ማን ያቁማቸው።

አክስቴ የአባቴ እህት ናት፤ አንድ እናት የወለደቻቸው። እሷ ሰላቷን የማታጓድል እስላም ናት፣ አባቴ እናቴን ሲያገባ ክርስትና ተነሣ። ወሎ ለማያውቅ ይህ ተረት ይመስለዋል። የአባቴን ስምና የአያቴን ስም አይቶ «አንተ ግን ምንድን ነህ?» ያለኝ ጸሐፊ ቢሮ ውስጥ ገጥሞኛል። የሐይቅ ልጅ ነኝ ብዬው ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ።

ወደ ሰሌዳው ልመለስ። አንዱ ዓሣ አጥማጅ ነውና «ውኃውን ትተን ምን ልንጽፍ ነው? ቆሮሶው ያኮራናል» አለ። ቆሮሶ ራሱ መጤ መሆኑን ነገርሁት። ሐይቃችን ውስጥ የተለቀቀው በደርግ ጊዜ ነው። «ይሁና፣ የዛሬ ስንት ዓመት የገባ ዓሣ ዛሬም መጤ ይባላል?» አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ዲያቆኑ ልጅ እስጢፋኖስ ገዳም ይግባ አለ። እውነቱን ነው፣ ሚዛን የሚደፋ ስም ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ አበምኔቱ «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ ነገሥታቱን ሲያማክር የኖረበት ደብር ነው። አክስቴ ስኒ እያጠበች ሰማችውና «እኔስ ልጄ፣ ሰባ ዓመት ሙሉ ከሩቅ ነው ያየሁት። እናትህም ክርስቲያን ሆና ደጁን እንጂ ውስጡን አላየችም» አለችው። ሴት አይገባበትምና። ዲያቆኑ ሳቀ፣ ግን ሐሳቡን አልለወጠም።

ሦስተኛው «የመቻቻል ከተማ» ይባል ሲል ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አጭር ነው፣ ቴሌቪዥንም ይወደዋል። አክስቴ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጠች።

«ማን ነው እኔን የቻለኝ? ሸክም ነኝ እንዴ?»

ዝም ተባለ። ይህ ቃል እኔንም ከድሮ ጀምሮ ይጎረብጠኛል። ካሜራ ሐይቅ በመጣ ቁጥር አንድ ሼህና አንድ ቄስ ጎን ለጎን አቁሞ፣ አጨባብጦ ይሄዳል። ሰው የገዛ አክስቱን ይችላል እንዴ? መቻል እኮ የማይፈልጉትን ጥርስ ነክሶ መሸከም ነው። «እርስዎስ እማማ፣ ምን ይጻፍ ይላሉ?» አሏት። «እኔ መጻፍ አልችልም ማሬ» ብላ በረካውን ቀዳች።

በማግሥቱ ሩፋኤል ነበር። ዝናቡ ሲወርድ የሰፈሩ ሕፃናት ራቁታቸውን ወጥተው ይጮሃሉ፤ የማን ልጅ ጠበል ብሎ፣ የማን ልጅ ጨዋታ ብሎ እንደወጣ ከቁመታቸው በቀር የሚለይ ነገር የለም። ሲያባራ የቅሬው ዕቃ ቤት ተከፈተ፤ ከእንቁጣጣሽ በፊት ዕቃ ቆጥሮ መረካከብ ደንብ ነው። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የእኛ ሁለቱንም ሃይማኖት በአንድ መዝገብ ይይዛል። ቀብር የቀረ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይቀጣል።

ቆርቆሮው ቤት ውስጥ ትልልቆቹ ድስቶች በሁለት ረድፍ ተደፍተዋል። የክርስቲያኑ እጀታው ላይ ቀይ ቀለም አለው፣ የእስላሙ አረንጓዴ። ጭልፋውም እንዲሁ። አባቴ የሞተ ጊዜ መቃብሩን ከቆፈሩት የሚበዙት እስላሞች ነበሩ። ለአርባው ከበሬው ሌላ ሁለት ፍየል ለብቻ ታረደ፣ ሼሁ ቢስሚላህ ብለው ነው ያረዱት፤ በአረንጓዴው ተቀቀለ፣ ዳሱም ውስጥ ለብቻው ቀረበ። ሐዘን ረመዳን ላይ ከዋለ የእስላሙ ምግብ ለማግሪብ ይዘገያል፤ ረቡዕና ዓርብ ከዋለ ቀዩ ድስት ሽሮ ይጣድበታል። ይህን ሁሉ የሚያሰላው የቅሬው ዳኛ ነው፣ ያለ ወረቀት፣ በጭንቅላቱ። አንዱ ድስት ለሁሉ ቢሆን ሥራው በግማሽ በቀለለ። ግን ጎረቤትህ ሳይጠራጠር እንዲጎርስ ብለህ ሁለት ጊዜ ትጥዳለህ፣ ሁለት ጊዜ ታጥባለህ። እኔ ከሐይቅ አንድ ነገር ጠብቀህ አቆይ ብባል ይህን ልፋት ነው የማቆየው። አሁን አሁን «እዚያ ቤት ምን አስበላህ?» የሚሉ ወጣቶች በሁለቱም ወገን መኖራቸውን ደብቄ በዓል አላሞቅም፤ አሉ።

ጦርነቱ በ2014 በእኛ መንገድ ሲመጣ የቅሬው ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ጠፍቶ ቀረ። ድስቶቹን ግን አክስቴና ጎረቤቷ በሌሊት ጓሮ ቆፍረው ቀብረዋቸው ነበር። ሲወጡ የአንዱ ቀለም ለቆ ተገኘ። ይኸው ያን ጊዜ የጀመረ ክርክር ዘንድሮም አልተፈታ፤ ዳኛው «አረንጓዴ ነበር፣ ዓይኔ ያውቀዋል» ይላል። ቀይ ነበር የሚለው ደግሞ አንድ ሼህ ነው። ልጆቹ በአንዱ ቀለም ቀብተው ሊገላገሉት ብሩሽ ሲያነሡ አክስቴ ከኋላ መጣች።

«ያላወቃችሁትን አትቀቡ። ውኃ አፍሉበት።»

ሰሌዳው ተተክሏል። «እንኳን ወደ ሐይቅ በደህና መጡ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ከፊደሉ በተረፈው ብር አንድ ቆርቆሮ ቀይ፣ አንድ ቆርቆሮ አረንጓዴ ቀለም ገዝተው የደበዘዙትን እጀታዎች አድሰዋል። ያኛው ድስት እንዳለ ነው። ዛሬ ጠዋት አበባዮሽ የሚጨፍሩት ልጃገረዶች አደይ ይዘው ሲመጡ የሰፈሩ ሻይ የፈላው በእሱ ነው፤ እኔም ከዚያው ጠጥቼ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

መልካም አዲስ ዓመት።