«ፓቴቲክ» ስታዝን እና ስትንቅ

እንግሊዝኛ ለምታጠኑ የደብረ ብርሃን ልጆች ይሁንልኝ። ሰሞኑን ትንሽ ኮራ ብያለሁ። ፊልም ሳይ «ፓቴቲክ» (pathetic) ስትባል ሐዘን ይሁን ንቀት፣ ከታች ያለውን ጽሑፍ ሳላነብ እየለየሁ ነው።

አጀማመሬን ልለፈው። እንደሁላችንም ሰዋስው፣ የቃላት ዝርዝር፣ ሽምደዳ።

አላስተኛ ያለችኝ ይህችው ቃል ነበረች። ስልኬ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት «አሳዛኝ፣ ልብ የሚነካ» ብሎ ያልፋታል። አልዋሸም። ሥሯ የግሪኩ «ፓቶስ» ነው፤ ስቃይ፣ ስሜት ማለት። «ሲምፓቲ» (ሐዘኔታ) እና «አፓቲ»ም (ግድየለሽነት) የእሱ ልጆች ናቸው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝኛ ውስጥ ስትገባ ስሜት የሚቀሰቅስ ማለት ነበረች። ንቀቱ የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው። ዛሬ በንግግር የሚበዛው ግን እሱ ነው።

የሚለያት አጠገቧ ያለው ስም ነው። በኅዳር ውርጭ የሚንቀጠቀጥ ግልገል አይታችሁ «ፓቴቲክ ሳይት»፣ አሳዛኝ ትዕይንት፣ ብትሉ አዝናችኋል። መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ «አሁን እንወጣለን» እያለ ግማሽ ቀን ቢያስቀምጣችሁ፣ ሰበቡ «ፓቴቲክ ኤክስኪዩዝ» ነው። እዚህ ሐዘን የሚባል የለም። ሰውን ፊት ለፊት «ዩ አር ፓቴቲክ» ማለት ደግሞ ስድብ ነው፣ በቃ። የኛ «ታሳዝናለህ»ም ሁለት ፊት አላት፤ አክስት ስትለው እና የተጣላ ጎረምሳ ሲለው አንድ አይደለም። እኛ ግን በድምፃችን ነው የምንለየው።

ለታመመ ጓደኛ «አይ ፊል ሶሪ ፎር ሂም»፣ አዘንኩለት፣ ማለት ይሻላል። «ሶሪ» ራሷም ጉደኛ ናት፤ ከስም በፊት ገብታ «ኤ ሶሪ ኤክስኪዩዝ» ከተባለ ያው ንቀት ነው። «ፒቲፉል»ም ሁለቱንም፣ ሐዘኑንም ንቀቱንም፣ ትሠራለች። ደሞዝ ሲያንስ «ፒቲፉል ሳላሪ» ይሉታል፤ ይቺን ለመያዝ እኔ አልተቸገርኩም።

ቃልን ለብቻው አትጻፉ፤ ደብተራችሁ ላይ ከነጎረቤቱ አስፍሩት። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ብቻ የሚፈታ ዝርዝር ለእኔ ቢቀደድ ይሻላል። እንዲህ እያልኩ ፈተና ሲደርስ ያንኑ ዝርዝር ይዤ ነው የማድረው።

አነጋገሩ ላይ ገና ነኝ። የቃሏ መሐል «ተ» አይደለም፤ ምላስ በጥርስ መካከል ወጣ ማለት አለበት። በኛ ከተማ የጠዋት ብርድ፣ ጥርስ እየተንገጫገጨ፣ ምላስ ማውጣት አደጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው የምለማመደው።