ሚኒሞ አልይዝ ያለችው ሞተሬና ያቺ ትንሽ ቀዳዳ

ትናንት ማታ ሞተሬን ግቢ ውስጥ አስነስቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አሥር ደቂቃ ሙሉ እጀታውን ሳልነካው፣ ሳትጠፋ፣ ሳትዋዥቅ፣ እኩል እኩል እየመታች ቆየች። ሚኒሞ የሚባለው ይሄ ነው፤ እጀታው ተለቆ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት። ለሌላ ሰው ይሄ ምንም ላይመስል ይችላል። እኔ ግን ሦስት ሳምንት ለፍቼበታለሁ። ደስታው ሳይበርድ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ሞተሯ 125 ሲሲ፣ ባለ አራት ስትሮክ፣ ካርብሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅል ዕቃ) ያላት ተራ ሞተር ናት። ሁለት ወር ያህል ሳትነዳ ቆማ ነበር። ስመለስባት ያለ ቾክ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ቤንዚኑን የሚያበዛው) አልነሳም አለች። ከሞቀች በኋላ ደግሞ ሌላ ፀባይ አመጣች። ነዳጅ ሰጥቼ ስለቅ ድምጿ ቶሎ አይወርድም፤ ከፍ እንዳለ ይንጠለጠላል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርድና ከልኩ አልፎ፣ ሁለት ሦስቴ አነካክሶ ጥፍት ይላል። መንገድ ላይ በቆምኩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ነዳጅ እየሰጡ ማቆየት ልማዴ ሆነ።

መጀመሪያ ያየኋቸውን ቶሎ ልለፋቸው። የአየር ፊልትሮው አቧራ ነበረው፣ አጸዳሁት። መሪውን ግራና ቀኝ ሳዞረው ድምጿ አይቀየርም፤ ስለዚህ የነዳጅ ገመዱ አይደለም። የቫልቩን ክፍተት ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ለካሁት፤ ማኑዋሉ ካለው አልወጣም። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ስፈታው ግን ጫፉ ነጣ ብሏል። ይሄ አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። ጥቁር ጥላሸት ቢይዝ ኖሮ ነገሩ ተቃራኒ ይሆን ነበር። ካንዴላው የነገረኝን ያኔውኑ ሰምቼው ቢሆን ስንት ቀን ባተረፍኩ።

አልሰማሁትም። ካቻቢቴ ይዤ ብሎኖቹ ላይ ዘመትኩ። ካርብሬተሩ ላይ ከውጭ የሚነኩ ሁለት ብሎኖች አሉ። አንዱ የሚኒሞ ብሎን ነው። ሌላው የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ የሚመጥነው ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት የሚኒሞውን ብሎን በማጥበቅ አለቀ። ስታጠብቁት እርግጥ አትጠፋም። ግን ማርሽ ስታስገቡ ትመታለች፣ ነዳጅ ስትለቁ ፍጥነት ቶሎ አትቀንስም፣ ቤንዚኑም ያልቃል። በዚህ ጉዳይ አሁን አቋሜ የጠነከረ ነው። ሚኒሞ ከፍ አድርጎ መንዳት ጥገና አይደለም፣ በሽታ መሸፈን ነው።

ሁለተኛው ሳምንት የድብልቁ ብሎን ላይ ሄደ። ይሄን ስህተት ብዙ ሰው የሚሠራው ይመስለኛል፣ ስለዚህ በደንብ ልንገራችሁ። ብሎኑ በአየር ፊልትሮው በኩል ከሆነ የሚመጥነው አየሩን ነው፤ ስታጠብቁት ቤንዚኑ ይበዛል። በሞተሩ በኩል ከሆነ ግን የሚመጥነው ቤንዚኑን ነው፤ ስታጠብቁት ቤንዚኑ ያንሳል። የኔ በሞተሩ በኩል ነው። እኔ የያዝኩት መመሪያ ደግሞ የሌላኛው ዓይነት ነበር። ቤንዚን ለጠማት ሞተር ያለቻትንም ጠብታ ስነሳት ከረምኩ።

አቅጣጫው ከገባኝ በኋላም ሦስት ዙር ተኩል አላልቼው ለውጡ ትንሽ ነበር። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ብሎኑ ቀስ ብሎ መጨረሻው ድረስ ከገባ በኋላ ከአንድ ዙር ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ሲወጣ ልካቸውን ያገኛሉ። ሦስትን ከተሻገራችሁ ብሎኑን ተዉት። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

የኔ ችግር ያለው ፓይለት ጄት ውስጥ ነበር። ጄት ማለት ካርብሬተሩ ውስጥ ቤንዚን በልክ የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብሎን ናት። እጀታው ሲለቀቅ ሞተሩ የሚኖረው በዚህች ጄት ነው። ትልቁ ጄት ያን ጊዜ ምንም አይሰጥም። ፓይለቷ የነሐስ ናት፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። የኔዋ ላይ 38 ተጽፏል፤ ቀዳዳዋ 0.38 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ቤንዚን ካርብሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ ለሳምንታት ሲቆም ይተንና ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። እንዲህ ያለች ቀዳዳ ለመዝጋት ብዙም አይፈልግም።

ካርብሬተሩን የፈታሁት ነፋሻ ቦታ፣ ከእሳት ርቄ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው። ጄቷን በማጽጃ ስፕሬይ ረጨኋት፣ በአፌ ነፋሁባት፣ ወደ ብርሃን አንስቼ አየኋት። ብርሃን አሳለፈች። «ንጹህ ናት» ብዬ መለስኳት። ሞተሯ ያው ናት። ሁለተኛም ፈታሁ፣ ያው። ሦስተኛው ላይ የስልኬን ካሜራ አስጠግቼ ምስሉን አሳደግኩት። ቀዳዳዋ ክብ አይደለችም! ግማሽ ጨረቃ ናት። አንድ ጎኗን ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ ሙጫ ይዟታል። ለካ ብርሃን ያለፈው በቀረችው ጠርዝ ነው።

ሌሊቱን ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኳት። ጠዋት ከተቆረጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንድ የመዳብ ክር መዝዤ፣ ሳልገፋ፣ ጣቶቼ መሃል እያሽከረከርኩ አስገባሁት። ሲወጣ ጫፉ ላይ ጥቁር ቅባት የመሰለ ነገር ይዞ መጣ። በጄቷ ጎን ያሉትን ሌሎቹን ትንንሽ ቀዳዳዎችም እንዲሁ። እንደገና በካሜራ ሳያት ክብ ሆናለች። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

የብረት መርፌ ወይም የመሰርሰሪያ ጫፍ የሚጠቀም ሰው ሳይ አሁን እከራከራለሁ። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ብረት ይጭረዋል፣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ልኩም ይጠፋል። ይሄን የምለው ግን እኔም ስላደረግኩት ነው። ካርብሬተሩን በፈታሁበት የመጀመሪያ ቀን ትልቁን ጄት በልብስ መርፌ ወግቼዋለሁ፤ ጠርዙ ላይ ጭረቱ ዛሬም ይታያል። ልቀይረው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጄቷ ብቻ ጸድታ አይበቃም፤ ወደ ሞተሩ የሚወስደው መተላለፊያም መጽዳት አለበት። የድብልቁን ብሎን አውጡና በቀዳዳው ስፕሬይ ንፉ። አየር በሚያልፍበት በካርብሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ሲፈስ ማየት አለባችሁ። መነጽር አድርጉ። እኔ ሳላደርግ ነፋሁና ተመልሶ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ግማሽ ሰዓት በውሃ ስታጠብ ቆየሁ። ብሎኑን ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ እስኪገባ ድረስ ስንት ዙር እንደሚሄድ ቆጥራችሁ ጻፉ። ጫፉ ሹል ስለሆነ አታስጨንቁት። ከኋላው ስፕሪንግ፣ ትንሽ ሮንዴላና ከምስር የማትበልጥ የላስቲክ ቀለበት አለ። ቀለበቷ ውስጥ ትቀራለች። ካልወጣች ፈልጓት፣ ያለሷ አየር ይገባል።

ሁሉን መልሼ ብሎኑን ሁለት ዙር ላይ አደረግኩና አሥር ደቂቃ ነድቼ አሞቅኳት። በቀዝቃዛ ሞተር የሚደረግ ማስተካከል ከንቱ ነው። ሚኒሞውን ትንሽ ከፍ አድርጌ የድብልቁን ብሎን ሩብ ዙር እያዞርኩ፣ በየመሃሉ ጥቂት ሰኮንድ እየጠበቅኩ፣ ድምጿ ከሁሉ ከፍ የሚልበትን ቦታ ፈለግኩ። ሁለት ከሩብ ላይ አገኘሁት። ከዚያ ሚኒሞውን ማኑዋሉ ወደሚለው 1400 ዙር በደቂቃ መለስኩት።

በጣም ተሻላት፤ ግን ትንሽ መዋዠቅ ቀረ። በካርብሬተሩና በሞተሩ መሃል ያለው መጋጠሚያ ላይ ከትንሽ መርጫ ውሃ ጠብ ጠብ ሳደርግ ድምጿ ተቀየረ፤ አየር በዚያ ሾልኮ ይገባል ማለት ነው። ተቀጣጣይ ስፕሬይ በጋለ ሞተር ላይ የሚረጩ አሉ፣ እኔ አልመክርም፤ ውሃ ይበቃል። የመጋጠሚያው ላስቲክ ደርቆ ተጠፍጥፏል። ቀየርኩት፣ ብሎኖቹን ግራ ቀኝ እኩል አጠበቅኩ፣ መዋዠቁ ቆመ።

ከአሁን በኋላ ለብዙ ቀን የማቆማት ከሆነ ከካርብሬተሩ ሥር ባለችው ብሎን ቤንዚኑን አፈስሳለሁ። የቀረኝ የተንሳፋፊው (ጎድጓዳው ውስጥ ያለውን የቤንዚን መጠን የሚቆጣጠረው) ከፍታ ነው። ቁልቁለት ወርጄ ስቆም አንዳንዴ የቤንዚን ሽታ ይመጣል፣ ትንሽ ከፍ ያለ ይመስለኛል። ውስጡን በሚያሳይ ቱቦ ከውጭ የለካችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልኝ። እሑድ እከፍተዋለሁ።