እጃችሁን ወደ ኋላ፦ ጡት ማጥባትን ለነርስ ተማሪዎች ሳስተምር

የነርስ ተማሪዎች ስለ ጡት ማጥባት የሚያውቁት ትንሽ አይደለም። ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መጀመር እንዳለበት፣ እስከ 6 ወር ውኃም ቢሆን እንደማያስፈልገው፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየበላ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባት እንዳለበት በፈተና ሳይሳሳቱ ይጽፋሉ። አራስ እናት አልጋ አጠገብ ሲቆሙ ግን ይህንኑ በቃላቸው ይወጡባታል። እናትየዋ "እሺ" ትላለች፤ ልጁ አሁንም ጡቱን በአግባቡ አልያዘም። ስለዚህ ከመናገር በፊት መመልከትን ላስተምራቸው ወሰንኩ።

መጀመሪያ በክፍል ውስጥ ከአሮጌ ካልሲ በተሠራ ጡትና በፎጣ በተጠቀለለ አሻንጉሊት እንለማመዳለን፤ ወንዶቹም ጭምር። የሕፃኑ ጆሮ፣ ትከሻና ዳሌ በአንድ መስመር ካልዋሉ አንገቱ ይጠመዘዛል። አንገትን አዙሮ መዋጥ እንዴት እንደሚያስቸግር ራሳቸው ውኃ እየጠጡ እንዲሞክሩት አደርጋለሁ። ይህን የሞከረ ተማሪ አስተቃቀፍን አይረሳም።

አራሶች ክፍል ስንገባ አንድ ጥብቅ ሕግ አለኝ፤ እጅ ወደ ኋላ። ማንም ተማሪ የእናትን ጡት ይዞ ወደ ሕፃኑ አፍ አይከትም። ሰላምታ ይሰጣል፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ መጋረጃ ይስባል፣ ከዚያ ልጁ ጠብቶ እስኪጨርስ ዝም ብሎ ያያል። አፉ በሰፊው ተከፍቷል? የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል? አገጩ ጡቷን ነክቷል? በጡቷ ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክፍል ከታች ይልቅ ከላይ በኩል የሚበዛው ይታያል? ጉንጩ እየሰረጎደ ከሆነ አያያዙ መስተካከል አለበት። እርዳታ ካስፈለገ ተማሪው በአሻንጉሊቱ ያሳያል፣ በልጇ ላይ የምታደርገው እናት ናት። ቤቷ ስትገባ የተማሪው እጅ አብሯት አይሄድም።

አነጋገርም ይለመዳል። "በደንብ እየጠባ ነው?" ሲባል መልሱ ሁልጊዜ "አዎ" ነው። "እህቴ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ አጠባቡ እንዴት ነው?" ሲባል ግን ወሬው ይመጣል፤ ጡቷ መቁሰሉም፣ መፍራቷም።

አንዲት የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ወጣት "ወተት የለኝም" አለች። እናቷ ለሕፃኑ የሚያስልሱትን ቅቤ ይዘው መጥተዋል። ተማሪዬ "ክልክል ነው" ሊል ሲል በዓይኔ ያዝኩት። ትንፋሹን ሰብስቦ፣ "እማማ፣ ቅቤው ምን ያደርግለታል?" ብሎ ጠየቃቸው። "አንጀቱን ያለሰልስለታል" አሉት። ያንን ሥራ የሚሠራው እንገሩ መሆኑን፣ ጥቁሩን የመጀመሪያ ዓይነ ምድር እንደሚያስወጣና ከበሽታም እንደሚከላከል በትሕትና አስረዳቸው። ከዚያ ወጣቷ እሱ በካልሲው ጡት እንዳሳያት አድርጋ፣ በራሷ እጅ ጥቂት ቢጫ ጠብታ በማንኪያ አለበች። አያትየዋ ጎንበስ ብለው አዩና ማንኪያውን ተቀብለው ወደ ልጁ ከንፈር አደረሱት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለአያት ወንበር ሳይቀርብ ምክር እንዲጀመር አልፈቅድም። አራስ ቤት ውስጥ ምን እንደሚላስና ምን እንደሚጠጣ የሚወስኑት ብዙ ጊዜ እሳቸው ናቸው።

በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ የሚያገኙት 59 በመቶ ነበሩ። ለሌሎቹ ምክንያቱ የእውቀት ማነስ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። 6 ወር ደግሞ የዚያ እጥፍ ነው። ይህን ክፍተት ሳያነሱ "6 ወር ጡት ብቻ" ማለት ሠራተኛ እናትን ማሳቀቅ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን ወደ ክትባት ክፍልም እወስዳቸዋለሁ። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ይመጣሉ። በ14ኛው ሳምንት ፈቃዱ አልቋል፤ ስለዚህ ወተት በእጅ ማለብንና በሲኒ ማጠጣትን የሚያሳዩት በ10ኛው ነው። ሲኒው በታችኛው ከንፈር ላይ ያርፋል እንጂ ወተቱ አይንቆረቆርም፤ ሕፃኑ በራሱ ፍጥነት እየላሰ ይወስደዋል። እናትየዋ ይህን ስትለማመድ፣ እሷ ሥራ ስትውል ልጁን የሚይዘው ሰው አብሮ ቢመጣ ይመረጣል።