ፒክአፗን ዝቅ ላደርግ ብዬ ባጃጅ ሠራሁ

አዳማ ውስጥ መኪናዬ ዝቅ ይበልልኝ የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እዚህ መኪና የሚወደደው ከፍ ሲል ነው። ጉድጓዱንና የክረምቱን ጎርፍ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። እኔ ግን ዱባይ ያለችው እህቴ የላከችልኝን 1/24 (ከእውነተኛው 24 ጊዜ ያነሰች) የፕላስቲክ ቶዮታ ፒክአፕ ሞዴል ሆዷ አስፋልት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ላደርጋት ቆርጬ ተነሳሁ። አባቴ ሳጥኑን አገላብጦ አየና፣ "ደህናውን መኪና ልታበላሸው ነው?" አለኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ልክ ነበር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሞዴሏ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት እውነተኛው መኪና ላይ 2.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ኋላዋን 5 ሚሊ ላወርድ አሰብኩ፤ በእውነተኛው 12 ሴንቲ ማለት ነው። ባዶ ፒክአፕ ኋላው ከፍ ስለሚል ለፊቷ 3 ሚሊ ይበቃል።

እስከ የት ልውረድ ለሚለው ከካሊፎርኒያ ተበደርኩ። እዚያ መኪና ዝቅ ማድረግ ፋሽን በሆነበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ አንድ ሕግ ወጣ። ከጎማው በቀር የትኛውም የመኪናው አካል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች አይውረድ የሚል ነው። ልጆቹ ምን አደረጉ? ሃይድሮሊክ ገጠሙ። ፖሊስ ሲመጣ ከፍ፣ ሲሄድ ዝቅ። እኔ ሃይድሮሊክም የለኝ፣ ፖሊስም የለብኝ፤ ልኩን ግን ወደድኩት።

የመጀመሪያው ሙከራዬ የስንፍና ነበር። የኋላውን ባሌስትራ፣ ማለትም የመኪናውን ክብደት የሚሸከመውን ድርብርብ ሞላ፣ ነቅዬ አወጣሁና አክስሉን (የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን ዘንግ) በቀጥታ ሻንሲው ላይ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት። መውረዱን ወረደች። ደስ ብሎኝ ጎረቤታችን ያሉት ጋሼ ጋ ይዣት ሄድኩ። ጋሼ ባሌስትራ ሠሪ ናቸው። የጅቡቲ ከባድ መኪና በሚያልፍበት ከተማ ባሌስትራ ሠሪ ሥራ አይፈታም።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መዳፋቸው ላይ ገለበጧት።

"ባሌስትራው የታለ?"

"አወጣሁት፣ ጋሼ።"

"ታዲያ አክስሉን ምን ያዘው? ጸሎት?"

ከዚያ በጠመኔ የብረት ጠረጴዛቸው ላይ ሣሉልኝ። ባሌስትራው ፋብሪካ ሲሠራው ከአክስሉ በላይ ነበር። ከአክስሉ በታች ካዞርከው መኪናው በአክስሉና በባሌስትራው ውፍረት ልክ ይወርዳል። ቤቴ ገብቼ ለካሁት። ከሞላ ጎደል 5 ሚሊ! ምንም ሳልጥል፣ ቦታ በመለዋወጥ ብቻ። ግን ጋሼ አንድ ነገር አስከትለው ነበር። "አክስሉ ሽቅብ ሲመጣ ሻንሲውን ይመታል። ሻንሲውን ከሥሩ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ትበላለታለህ። ስማ፣ ሳትደግፍ እንዳትበላ።"

ሳልደግፍ በላሁ።

ፕላስቲክ በምላጭ ሲቆረጥ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የልብስ ስፌት ክር ተጠቀምኩ። ክሩን ወጥረህ ወዲህ ወዲያ ስትስበው በሰበቃ ይሞቅና ፕላስቲኩን እንደ ቂቤ ይገባበታል። ጥሩ ዘዴ ነው። ሁለት ቁርጥ አወረድኩና መሃሉን በክብ ሞረድ አለሰለስኩት። 4 ሚሊ ውፍረት ካለው የሻንሲ ዘንግ የቀረው 1 ሚሊ ብቻ ነበር። ግራውን ጨርሼ ቀኙን ስጀምር ግራው "ቀጭ" አለ።

ድጋፍ የሚሆን ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ያገኘሁት ከሲዲ ሽፋን ነው። የድሮ ሲዲ ሽፋን እንደ ሞዴሏ ፖሊስታይሪን ስለሆነ እርስ በርስ ይዋሃዳል። የአክስቴ ልጅ የሰርግ ሲዲ ነበር። ቤት ውስጥ ማጫወቻ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ማንም አልጠየቀኝም። በማስመሪያ እየደገፍኩ በምላጭ ጫርኩና አጥፌ ሰበርኩት። ሁለቱንም ዘንጎች ከውጭ በኩል እንደ ጥገና ላሜራ አለበስኳቸው።

ሙጫው ላይም ተምሬያለሁ። ሱፐር ግሉ ቶሎ ይይዛል፤ ጠምዘዝ ስታደርገው ግን ይለቃል። ሻንሲ ደግሞ ሥራው መጠምዘዝ ነው። ከቀለም ሱቅ የተገዛ ቲነር በቀጭን ብሩሽ ስትነካካው ሁለቱን ፕላስቲኮች አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል። ብየዳ በለው። መስኮት ይከፈት፣ እሳት አጠገቡ አይሁን። ደግሞ ጠብታ ይበቃል፤ እኔ አፈሰስኩበት።

በማግስቱ አራቱንም ጎማ ገጥሜ መስታወት ላይ አቆምኳት። መስታወት ጠፍጣፋ ስለሆነ አይዋሽም። የሞባይል ካርድ ወስጄ በየጎማው ሥር ለማሾለክ ሞከርኩ። አንደኛው ያዘ። ሁለተኛውም ያዘ። ሦስተኛውም። በቀኝ የኋላው ሥር ግን ካርዱ እንደ ልቡ አለፈ። መሬት የሚነካው ሦስት ጎማ ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሜ አንገቱን አስግጎ አየና፣ "ባጃጅ ሠራህ እንዴ?" አለኝ። ቤት ውስጥ ስሟ እስከ ዛሬ ባጃጅ ነው።

ጥፋቱ ከቲነሩ መብዛት ነው። ቀኙ ዘንግ ለስልሶ ሳለ በእጄ አነሳሁትና እንደተጠማዘዘ ደረቀ። እንደገና በክር ቆረጥኩት። በዚህኛው ዙር ሻንሲውን ገልብጬ ጀርባውን መስታወቱ ላይ አስተኛሁ። ግራና ቀኙን በእንጨት አጥሬ፣ ድጋፉን በልብስ መቆንጠጫ ይዤ፣ ሙሉ 24 ሰዓት ሳልነካው ተውኩት። ሳይነኩ መተው ከመቁረጡ ይከብዳል፤ ሦስቴ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ፊቷን ለማውረድም ሻንሲውን ቆርጬ የፊቱን ቁራጭ ከነጎማው ከፍ አድርጌ ልለጥፍ መስመር አስምሬ ነበር። እንኳን ተውኩት። የፊት ሻንሲ ከፍ ካለ ሞተሩም አብሮ ከፍ ይላል፤ ያኔ ኮፈኑ አይዘጋም። ይልቅ ጎማው የሚሰካበትን ቀዳዳ በጋለ መርፌ 3 ሚሊ ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። መሪው ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ስለነካ ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት አሳሳሁት። የኋላው ዲፈረንሻል (አክስሉ መሃል ያለው እብጠት) የካሶኒውን (የጭነት ሳጥኑን) ወለል ነካ፤ እሱንም በሳሁ። ቀዳዳው እንዳይታይ ከማዳበሪያ ከረጢት ቆርጬ ሁለት ትንንሽ ጆንያ ሰፍቼ ሽንኩርት ያስመሰልኩት ለዚያ ነው። ያየ ሁሉ የሚያደንቀው ጆንያውን መሆኑ ትንሽ ያናድዳል።

ቀለሙን በአጭሩ። የአዳማ ነፋስ ከከተማው ወጣ ብለው ለቆሙት ተርባይኖች ሲሳይ ነው፤ ሁለተኛው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ብቻውን 153 ሜጋ ዋት ነው። ለእርጥብ ቀለም ግን አቧራ ይዞ የሚመጣ ጠላት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስቼ፣ ነፋሱ ሳይነቃ፣ ካርቶን ውስጥ ቀባኋት።

ስትደርቅ እንደገና ጋሼ ጋ ወሰድኳት። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን ከጠርዙ እኩል ዝቅ አደረጉ። በአውራ ጣታቸው ኋላዋን ጫን ጫን አሏት። ገልብጠው ድጋፉን አዩ፣ ባሌስትራውን አዩ። ምንም አላሉም። መለሷትና ሽንኩርቱን በጣታቸው ነካ አድርገው፣

"ስንት ኩንታል ትጭናለች?" አሉኝ።