ከቦሌ ደለስ፣ ከደለስ ቦሌ

«አሜሪካ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው። ስትሄድ ነው ስትመለስ?

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፣ ማለትም ቨርጂኒያ እስካለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በአየር መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ወዲያም ወዲህም ያው ነው። ሰዓቱ ግን ለየቅል ነው።

ስንሄድ ከቦሌ የተነሳነው በሌሊት ነው። ሊነጋ ሲል ደብሊን አረፍን። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ቦርሳቸውን ከእግራቸው ሥር ሳብ አደረጉ።

«ልጄ፣ ደረስን እንዴ?»

«ገና ነን እማማ። ነዳጅ ሊቀዳ ነው።»

«ምነው፣ ከቤቱ ሳይሞላ ነው እንዴ የወጣው?»

ነገሩ እውነት ነው፤ ሞልቶ አይወጣም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ክንፉን እንደ ቆላ አየር አያነሳውም፣ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ሰውና ሻንጣ ጢም ብሎ፣ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ቢጨመርበት ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ የሚችለውን ያህል ይዞ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። በተለያዩ ዓመታት ደብሊንም፣ ሮምም፣ ሎሜም ማረፊያ ሆነዋል። ይህንን ስነግራቸው እማማ «እንግዲህ ጭነት የበዛበት በቅሎ ነው በለኛ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከአውሮፕላኑ የወረደ ተሳፋሪ የለም። ጽዳቶች ገብተው ወጡ፣ ሠራተኞቹ ተቀየሩ፣ ከዚያ አትላንቲክ። ከዚህ በኋላ ጠላት ነፋሱ ነው። ጄት ስትሪም የሚባለው የላይኛው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ከፊት ለፊት ይገፋል። ከፊቴ ያለው ስክሪን ላይ ፍጥነታችን በሰዓት ወደ 800 ኪሎ ሜትር ወርዶ ነበር። ካርታው ላይ ያለችው ትንሽዬ አውሮፕላን ሰማያዊው ላይ ተለጥፋ ቀረች።

በድምሩ ከ16 ሰዓት በላይ። ደለስ ስንደርስ ግን ገና ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀሩ ቀኑ ሙሉውን ይጠብቅሃል።

መመለሻው ሌላ ታሪክ ነው። ደለስ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ነዳጁ ይሞላል፣ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል፣ ፍጥነቱም ከ1,000 ያልፋል። ማረፊያ የለ፣ ምን የለ፣ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ረፋድ 5 ሰዓት ተነስተን በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ነበርን።

ለእኔ ግን የሚከብደው ይኸኛው ነው። ያኔ ቨርጂኒያ እኩለ ሌሊት ነው፤ ሰውነቴ የሚያውቀው እሱን ነው። ቤት ጨጨብሳ ቀርቧል፣ ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ እኔ እያንቀላፋሁ ነው። እህቴም «ቁጭ ብለህ ለመጣኸው ይሄ ሁሉ ድካም ከየት መጣ?» ትለኛለች።