ከ«ዚስ» በፊት፦ የእንግሊዝኛ አጠራር ልምምዳችን የደረሰበት

አጠራሩን ማስተካከል የሚፈልግ አማርኛ ተናጋሪ መጀመሪያ የሚያሳድደው ምላስን በጥርስ መሃል አድርጎ የሚወጣውን ድምፅ ነው፤ «ዚስ» (ይህ) እና «ሲንክ» (ማሰብ) ማለትን ለመተው ወራት ያጠፋል። እኛ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። «ዚስ» የሚል ሰው ንግግሩ ይገባል፤ ፈረንሳዮችም የሚሉት እንደዚያው ነው። ሰሚውን ግር የሚለው በቃሉ ውስጥ የሌለ ቀለም (ክፍለ ቃል) ሲጨመርና ጫናው፣ ማለትም አንዱን ቀለም ከሌሎቹ አጉልቶ ማለት፣ ያለ ቦታው ሲያርፍ ነው። እስካሁን የተቃናውና ገና የሚያስቸግረው እነሆ።

የመጀመሪያው ሥራ ሳድሷን «እ» ማስወጣት ነው። «ስትሪት» (ጎዳና) በእንግሊዝኛ አንድ ቀለም ነው። የአማርኛ አፍ ግን ቃልን በተደራረቡ ተነባቢዎች መጀመር ስለማይወድ በመሃላቸው አጭር «እ» ያስገባል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከፊት ጨምሮ «እስትሪት» ይላል። «ፊልም» ላይም በ«ል» እና በ«ም» መካከል ገብታ አንዱን ቀለም ሁለት ታደርገዋለች። ማረሚያው ቃሉን ከኋላ መሥራት ነው፦ «ሪት»፣ ቀጥሎ «ትሪት»፣ ከዚያ «ስ»ን ሁለት ሰከንድ ያህል አስረዝሞ ሳያቋርጡ «ትሪት»ን ማስከተል። ጣት ጉሮሮ ላይ ይሁን። «ስ» እና «ት» ጉሮሮን አያነዝሩም፤ በሁለቱ መካከል ንዝረት ከተሰማ «እ» ገብታለች። ጆሮውን የማያምን በኦዳሲቲ (ድምፅ ቀድቶ በሥዕል የሚያሳይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም) ድምፁን ቀድቶ ይይ። «ስ» ጥቅጥቅ ያለ ጭረት፣ «ት» ባዶ ክፍተት ሆኖ ይታያል፤ በመሃላቸው ጉብ ያለ ሞገድ ካለ እሷው ናት።

ይህችው «እ» ባለፈ ጊዜ ግሶች ላይም ትመጣለች። መጨረሻው ላይ ሁለት ፊደል ስለሚታይ ብዙ ሰው «ወርክ-ኢድ» ይላል። ተጨማሪ ቀለም ያለው ግሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ሲያልቅ ብቻ ነው፦ «ዋንቲድ»። እንደ «ክ»፣ «ፕ»፣ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ች» እና «ፍ» ጉሮሮን ከማያነዝሩት ቀጥሎ «ት» ይሆናል («ወርክት»፣ «ስቶፕት»)፤ ከቀሩት ቀጥሎ «ድ» («ፕሌይድ»)። «አስክት» (ጠየቀ) ላይ ሦስት ተነባቢ ሲደራረብ ተወላጆቹም ብዙ ጊዜ «ክ»ን ስለሚውጧት «አስት» ማለት ነውር የለውም። እዚያ ላይ ጊዜ አናባክን።

ጫናው ላይ ፊደላችን ትልቅ ውለታ ይውላል። እንግሊዝኛ ጫና የሌለበትን ቀለም አናባቢ ያደበዝዘዋል፤ የሚወጣውም ድምፅ ከግዕዙ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ፊደል፣ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ስለዚህ የደበዘዘውን ቀለም በግዕዙ አድርጎ ቃሉን መልሶ መጻፍ ነው። በላቲን ሦስት ጊዜ «ኤ» ተጽፎ የሚታየው የሙዝ ስም «ባናና» ሳይሆን «በናነ» ነው፤ የሚረዝመው መሃሉ ብቻ ነው። «አባውት» ሳይሆን «ኧባውት»። «ፎተግራፍ» ጫናው «ፎ» ላይ ነው፤ ሙያው ግን «ፈቶግረፊ» ሲሆን ጫናው ወደ «ቶ» ይሄዳል፣ «ፎ»ም ደብዝዛ «ፈ» ትሆናለች። ብዙዎቻችን «ዴ»ን አጉልተን የምንለው «ዴቨሎፕ» ትክክሉ «ዲቬለፕ» ነው፣ «ቬ» ላይ ተጭኖ። ከሁሉ የሚያስቸግሩት አማርኛ ውስጥ የገቡት ቃላት ናቸው፤ «ሆቴል» እና «ኮምፒዩተር» አፋችን ውስጥ ቅርጽ ይዘው ስለቆዩ እንደ አዲስ ቃል መማር ግድ ይላል።

የጫናው ቦታ መዝገበ ቃላት ላይ ከቀለሙ ፊት በምትቆም ትንሽ ቀጥ ያለች ጭረት ይታወቃል። የአጠራር ምልክቶቹን የሚፈራ ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን የሚያወጣቸው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1886 ፓሪስ ውስጥ ሲቋቋም መሥራቾቹ የቋንቋ መምህራን ነበሩ፤ ምልክቶቹም የተማሪን ሸክም ለማቅለል የታሰቡ ናቸው። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፦ ሰው ጫና ሲባል መጮህ ይመስለዋል። ሌሎቹን ቀለሞች ሳያደበዝዝ አንዱን ብቻ ከጮኸበት የተቆጣ ይመስላል። ዋናው ማስረዘምና የድምፅን ቃና ከፍ ማድረግ ነው፤ ጉልበት ትንሽ ይበቃል።

ማጥበቅ የሁሉም ተማሪ ችግር ስላልሆነ ለሌሎች የተዘጋጁ መልመጃዎች ብዙ ጊዜ አያነሱትም። (ለፈረንሳዮች የተጻፉት ገጽ ሙሉ «ህ»ን ያስተምራሉ፤ ለኛ ምንም አይጠቅምም።) «ሃፒ» ወይም «ሳመር» ላይ ፊደሉ ሲደገም ስናይ እንደ በዓሉ «ገና» እናጠብቃለን። በእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ የተደገመ ፊደል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይላላል፤ «ገና ነው» ስንል እንደምናላላው። የሚጠብቀው ሁለት ቃል ሲገናኝ ነው፦ «ባድ ዴይ»፣ «ብላክ ካት»። እዚያ ላይ ያለ ልምምድ እናሸንፋለን።

አናባቢዎች ዘግይተው የሚመጡ ናቸው። «ሺፕ» የሚለው ጽሑፍ ለመርከብም ለበግም ያገለግላል፤ ሰባቱ ፊደሎቻችን ልዩነቱን አይዙትም። ለበግ «ሺ»ን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ማስረዘም ነው። ለመርከብ ግን ማሳጠር ብቻውን አይበቃም፤ ምላስ ከ«ሺ» ተነስቶ ወደ «ሽ» ሲሄድ መንገድ ላይ መቆም አለበት። «ቤድ» (አልጋ) እና «ባድ» (መጥፎ) በመንጋጋ ይለያሉ፦ ለመጀመሪያው በጥርሶች መካከል አንድ ጣት የሚያስገባ፣ ለሁለተኛው ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት። «ባክ» (ጀርባ) እና «ባግ» (ቦርሳ) ላይ ሁሉም «ክ» እና «ግ»ን ሲያጎላ ይደክማል፤ የተወላጅ ጆሮ በዋናነት የሚለየው ግን ከፊታቸው ባለው አናባቢ ርዝመት ነው፤ ከ«ክ» በፊት አጭር፣ ከ«ግ» በፊት ረጅም።

«ር» ላይ ለአሜሪካ እንግሊዝኛ የሚሆን ደስ የሚል ነገር አለ። በ«ሲቲ» መሃል ያለችው «ት» በአሜሪካውያን አፍ «በሬ» ላይ ያለችው «ር» ናት። በተቃራኒው ራሷን የእንግሊዝኛዋን «ር» በኛ «ር» ከጠራናት «ቤሪ» ያልነውን «ቤቲ» ብለው ሊሰሙት ይችላሉ። የእነሱ «ር» ላይ የምላስ ጫፍ ወደ ኋላ ይሰበሰባል እንጂ ላንቃ አይነካም። «ሲንግ» (ዘፈነ) ደግሞ «እንግዳ» ለማለት ጀምሮ «ግ» ሳትፈነዳ ማቆም ነው።

የየቀኑ ድርሻ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አምስቱ የመስማት ነው፦ በዩግሊሽ (የተፈለገ ቃል ሲነገር ከቪዲዮዎች እያወጣ የሚያሰማ ድረ ገጽ) አንድ ጥንድ ቃል ፈልጎ ከብዙ ተናጋሪዎች መስማት፤ አንድ መምህር ብቻ የሰማ ጆሮ የመምህሩን ድምፅ እንጂ ልዩነቱን አይለምድም። አምስቱ ቃላቱን መጥራት፣ አምስቱ አሥር ሰከንድ የሚሆን ንግግር በ0.75 ፍጥነት ተከትሎ ማለት። ሳይሰሙ መከተል የድሮውን አጠራር በፍጥነት መድገም ነው። በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ አንቀጽ መቅዳትና ከቀድሞው ጋር ማስተያየት። የስልክን ድምፅ ወደ ጽሑፍ መቀየሪያ የሚጠቀም በነጠላ ቃል ይፈትን፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ከዐውዱ ገምቶ ያልተባለውን ትክክል አድርጎ ይጽፋል።

አሁን «ዚስ» ላይ ደርሰናል። የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ሥር ብቅ ይበል፤ መንከስ አያስፈልግም፣ አየር ይዘጋል። ለ«ሲንክ» ትንፋሽ ብቻ፣ ለ«ዚስ» ጉሮሮ እየነዘረ። ከብርቅ ቃላት ይልቅ በየዓረፍተ ነገሩ ከሚደጋገሙት «ዘ»፣ «ዚስ»፣ «ዛት» መጀመር ይሻላል። የሚያሰናክለው «ስ» ወይም «ዝ» ሲቀድማቸው ነው፣ «ኢዝ ዚስ» እንደሚባለው፤ ምላስ ወደ ፊት ለመውጣት ጊዜ ያጣል። እሱን በዝግታ ከ«ዝ» ወደ ጥርስ እያንሸራተትን፣ ትንፋሹን ሳናቋርጥ እየሠራንበት ነው።